ግራው ጎን የእኔ ነበር

አዳማ ውስጥ ሹሩባ ብቻዋን የምትሠራ ሴት ብዙ አታገኙም። ደንበኛዋ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፣ አንዷ ሠራተኛ በቀኝ አንዷ በግራ ትቆማለች፣ ከየጆሮዋ ጀምረን መሀል ላይ እስክንገናኝ ድረስ እንጎነጉናለን። ካልሆነ ቀኑ አይበቃም። ግን ሁለት ሰው አንድ ዓይነት እጅ የለውም። የአንዷ ይጠብቃል፣ የሌላዋ ይላላል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዷ ዓይኗን ወዲያ ማዶ እየጣለች የራሷን እጅ ከጓደኛዋ እጅ ጋር ታስተካክላለች። ይህን ማንም አያስተምርም፣ ማንም አያመሰግንበትም። እኛ ጋ የምታስተካክለዋ እኔ ነበርኩ። እሷ ቀኙን ትይዛለች፣ እኔ ግራውን። ስታጠብቅ አጠብቃለሁ፣ ስታላላ አላላለሁ፣ መስመሯ ሲጣመም የእኔንም በዚያው ልክ አጣምምና መጨረሻው ላይ አብሬ አቃናዋለሁ። ደንበኛዋ መስታወቱን አይታ «እጃችሁ ይባረክ» ብላ ትሄዳለች።

እጃችሁ! እጅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ደንበኛዋ አታውቅም። የከፋው ደግሞ እሷም አታውቅም ነበር።

እሷ የምላት የሃይስኩል የዴስክ ጓደኛዬን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አብረን ጨረስን፣ ፈተናውንም አብረን ወደቅን። እኔ እቤት ቁጭ ማለት ስለማልችል በሳምንቱ መናኸሪያው ጀርባ ያለ ጸጉር ቤት ገባሁ፤ ሹሩባ ከሰፈራችን ሴቶች ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬያለሁ። እሷ አኩርፋ ስትተኛ ከረመች። በኋላ የጸጉር ቤቱን ባለቤት፣ እትዬ የምንላቸውን ሴትዮ፣ ለምኜ ያስቀጠርኳት እኔ ነኝ። ቀኝ ጎኔ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቂመኛ ናት ስትሉኝ ከየት እንደመጣ እንድታውቁት ነው።

እህቷ ከዐረብ አገር ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ላከችላት። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። «እስቲ እጅሽን ልቅረጽ» ስትለኝ እጄን አቀረብኩ። የአርቴፊሻል ሹሩባ ጫፍ እንዳይፈታ የፈላ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ አንድ ቀን ደንበኛ በድንገት ዞር ስትል ውኃው ፈስሶብኝ ግራ አውራ ጣቴ ሥር ጠባሳ አለ። እሷ ስትቀርጽ ፊት አይታይም። እጅና ጸጉር ብቻ ነው፤ ከዚያ መጨረሻ ላይ የእሷ ፊት ብቅ ብሎ ይስቃል። ከሁለቱም ጆሮ ተነሥቶ ማጅራት ላይ የሚገናኝ አንድ አሠራር ነበረኝ፤ ራሴ ነኝ ያወጣሁት። እሱን ስሠራ ቀርጻ ገጿ ላይ ስትለቀው ሰው ጉድ አለ። ገጿ በአንድ ጊዜ በተከታይ ሞላ።

ገጹ ሲያድግ ጸጉር ቤቱ ተለወጠ። እትዬ ክብ መብራት ገዙ፣ ግድግዳውን ሮዝ አስቀቡ። ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ቪዲዮ ያበላሻል ተብሎ በረንዳ ወጣ። በአዳማ ሙቀት ራሷን ካስክ ውስጥ ከታ በረንዳ ላይ የተቀመጠች ሴትን የባጃጅ ሹፌር ሁሉ እየሳቀባት ያልፋል። ደንበኛ መብራት እስኪስተካከል ትጠብቃለች። ግማሽ ጭንቅላት ሠርተን «ቆይ፣ ይሄን እንደገና፣ አልተቀረጸም» ስትል ፈትተን እንደገና እንሠራለን።

ደንበኞቹም ተለወጡ። ድሮ ወንበሩ ላይ ወሬ ነበር፤ ድሮ የምለው ሩቅ አይደለም። አማት ይታማል፣ ባል ይታማል፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ከካስክ ውስጥ ራሷን አውጥታ ትመክራለች። አሁን እንደተቀመጠች ስልኳን ታወጣለች፣ አንገቷ ይሰበራል፣ እስኪያልቅ ቀና አትልም። ጉዳቱ ለወሬ ብቻ አይደለም። አንገት ሲደፋ የማጅራት ቆዳ ይለጠጣል። በዚያ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብታወጪ ቀና ስትል ይሸበሸባል፣ ሹሩባው ተከማችቶ ይነሣል። ስለዚህ እኔ በማበጠሪያዬ ጫፍ ትከሻዋን ነካ አደርግና «ቀና በይ» እላለሁ። ደግሞ ትደፋለች። ደግሞ እነካታለሁ። በኋላ የጓደኛዬ ገጽ ላይ «በግራ በኩል ያለችው ልጅ ትቆጣለች» ብለው መጻፍ ጀመሩ። ስለ እኔ የተጻፈው ይኸው ብቻ ነበር።

ለማጅ ልጆችም ይመጡ ነበር፣ ቪዲዮውን እያዩ። ስልክ ላይ አንድ ሹሩባ ተጀምሮ የሚያልቀው ሻይ ሳይበርድ ነው። አንዷ ከጠዋት ጀምራ ቆማ፣ ምሳ ሰዓት ደርሶ ገና ግማሹ ሲቀር፣ «ይሄ ሁሉ ነው እንዴ?» ብላኝ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። አልፈረድኩባትም። የታያት ሌላ ነው።

ጓደኛዬም ራሷ እንደ ደንበኞቹ ሆነች። ሦስት ጉንጉን ትጎነጉንና ስልኳን ታያለች። ደግሞ ሁለት፤ ደግሞ ስልክ። እጇ ድሮም ላላ ያለ ነበር፤ አሁን አንዴ ላላ አንዴ ጠበቅ ይላል፣ እንደ ኮመንቱ ሁኔታ። ሲያደንቋት ይጠብቃል፣ ሲሰድቧት ይላላል። እኔ ግራ ላይ ቆሜ ያንን ሁሉ እየተከተልኩ አስተካክላለሁ።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ስልኳን አቀበለችኝና «ይሄ ያንቺ እጅ አይደል?» አለችኝ። አየሁት። የእኔ ነው። ከሥሩ አንዱ «እጅሽ ላይ ያለው ጠባሳ ምንድነው?» ብሎ ጠይቋል። እሷ ምን ብላ መለሰች? «ሥራ የሚወድ እጅ ምልክት አያጣም ❤️»።

ጠባሳዬን! ያቃጠለኝን ውኃ እንኳ ወሰደችው። ወረድ ብዬ ሳነብ ሌላዋ «ላይቭ ላይ ግን ጠባሳ የለሽም» ብላታለች። «በክሬም ጠፋልኝ» ብላ መልሳለች። ክሬሙን የጠየቁ ብዙ ነበሩ።

ሻይ ቤት ወስጄ አፋጠጥኳት።

«እጁ የማን ነው?»

«አቦ አታካብጂ። ቪዲዮ ነው እኮ።»

«ስሜን ጻፊ።»

ስልኳን እያየች ሳቀች። «ስምሽን ማን ያውቀዋል? ማንም የማያውቀው ስም ቢጻፍ ምን ይጠቅምሻል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ስበላም ታክሲ ስጠብቅም የምከፍተው የእሷን ገጽ ሆነ። ከእሷ በላይ የእሷን ገጽ የማየው እኔ ነበርኩ። እጄን እያየሁ ነው ሰው «አንቺ ጎበዝ» ሲላት የማነበው። ጥርሴን ነክሼ።

ይህን ሁሉ ግን በአንድ ነገር ምክንያት እችለው ነበር። እትዬ ባቱ ከተማ ላይ ሁለተኛ ጸጉር ቤት ሊከፍቱ ነበር፤ እሱን የምይዘው እኔ እንደሆንኩ ከዓመት በፊት ነግረውኛል። ቁልፉ የእኔ፣ ሠራተኛ የምመርጠው እኔ፣ ከማንም እጅ ጋር እጄን ሳላስተካክል የምሠራበት ቤት። ሌላ ሕልም አልነበረኝም። ዩኒቨርስቲዬ እሱ ነበር።

ሊከፈት ሲቃረብ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ የባቱው ነገር እንዴት ሆነ?»

«ፎሎወር ስንት አለሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«እኔ ገጽ የለኝም።»

«እንግዲያው ባቱ ላይ ሰው ማንን ብሎ ይመጣልሻል?»

«እጄን ብለው ይመጣሉ።»

«እጅሽን የት አይተውት?»

«እሷ ገጽ ላይ ነዋ! ያ ሁሉ የእኔ እጅ ነው፣ እርስዎም ያውቃሉ!»

ሳቁ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ነጋዴ ናቸው። «ይሄ የእናንተ የልጆች ጠብ ነው፣ እኔን አታስገቡኝ። ላንጋኖ የሰርግ ሥራ መጥቷል። እሱን ማን አሳምራ እንደምትይዘው አያለሁ፤ ከዚያ እወስናለሁ» አሉ።

ሰርጉ የባቱ ቤተሰብ ነበር። ሙሽራዋ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል በሀገር ልብስ ልትዳር ነው፤ ያንን ማጅራት ላይ የሚገናኘውን ሹሩባ ቪዲዮ ላይ አይታ «ያቺ ልጅ ካልሠራችኝ» ብላለች። ያቺ ልጅ ማለት እሷ መሆኗ ነው። እኔ ረዳት ሆኜ ሄድኩ። እትዬ አዳማ ቀርተው በላይቭ ሊያዩ ነው።

በጠዋት ተነሥተን በሞጆ አድርገን ወረድን። መቂን እስክናልፍ ድረስ ስልኳ ላይ ትናገራለች። «ቤተሰብ! እንዴት አደራችሁ! ወደ ላንጋኖ እየሄድን ነው!» ተከታዮቿን ቤተሰብ ነው የምትላቸው። አጠገቧ የተቀመጥኩትን እኔን አንድ ጊዜም ካሜራው አላየኝም። መስኮት መስኮቱን እያየሁ አሰብኩ። ያሰብኩት አጭር ነገር ነው፤ እጄን ዛሬ አላበድርም።

ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ሙሽራዋ፣ እናቷና ሁለት ሚዜዎች ነበሩ። ሙሽራው ከሰዓት ነው የሚደርሰው፤ ሰዓት በደንብ አለ። እሷ ስልኳን ማቆሚያው ላይ አቁማ ላይቭ ገባች፣ ሙሽራዋን አስቀመጠች፣ በቀኝ በኩል ቆመች። በዓይኗ ግራውን አሳየችኝ። እኔ ማበጠሪያዬን ይዤ ወደ ሙሽራዋ እናት ሄድኩና «እናቴ፣ እርስዎን ልጀምርልዎ» አልኩ።

«ነይ እንጂ፣ ግራውን ያዢ» አለችኝ።

ያኔ ካሜራው ፊት ቀረብኩና ጮክ ብዬ እንዲህ አልኩ፤ «ቤተሰብ፣ ዛሬ ሙሽራችንን ብቻዋን ነው የምትሠራት! የእኔ እጅ ከእሷ እጅ ጋር ይወዳደራል እንዴ? ይህ ሁሉ ሰው የመጣው ለእሷ እጅ ነው። እኔ ለምን አበላሽባታለሁ?»

ቀዩ ልብ፣ ጭብጨባው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ዘነበ። ሙሽራዋም «እውነቷን ነው፣ አንቺ ብቻ ሥሪኝ» አለች። እሷ በመስታወት ውስጥ አየችኝ። ጠጋ ስል በሹክሹክታ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ።

«ምን ሆንኩ? እያሞገስኩሽ ነው።»

«ተይ፣ አታሹፊ። ግራውን ያዢልኝ።»

«ምን ያስፈራሻል? እጁ ያንቺ አይደል?»

ፊቷ አመድ መሰለ። ግን ቤተሰብ እያየ ነው፤ ፈገግ አለች። ጀመረች።

እኔ የእናትየውን ጸጉር ያዝኩ። እናትየው ቀና ብለው ነው የሚቀመጡት፣ ስልካቸው የት እንዳለም አያውቁም። ባቱ ላይ አሳ መነገድ ከጀመሩ ጀምሮ ያለውን ታሪካቸውን፣ ልጃቸው እንዴት እንደተወለደች፣ ባለቤታቸው እንዴት እንደሞቱ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ እየቀላቀሉ አወሩኝ። እጄ ከወሬያቸው ጋር ይሄድ ነበር። ማንንም አልተከተለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ በራሴ ልክ ጎነጎንኩ፤ ያ ደስታ ምን እንደሚመስል ሹሩባ ለማትሠራ ሴት መንገር አልችልም።

በጎን ግን ጓደኛዬን አያታለሁ። ሙሽራዋ አንገቷን ደፍታ በስልኳ ለመልካም ምኞት መልእክት ትመልሳለች። «ቀና በይ» የሚላት የለም። እሷ ቀኙን ጨርሳ ወደ ግራ ስትዞር እጇ ጠፋት። ቀኝ መቆም የለመደች ሴት ግራ ስትቆም ሁሉም ይገለበጥባታል። መስመሩ ከጆሮ ጀርባ ታጠፈ። ጉንጉኑ ላላ። አየሁት። አዘንኩ ብል ውሸት ነው። ሰዓቱን ብቻ አሰላሁ፤ ሙሽራው ከመድረሱ በፊት ፈትቶ ለማቃናት ይበቃል። ካልበቃም ሙሽራ ትንሽ ይጠብቅ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ አማረባት?» አሉኝ እናትየው በኦሮምኛ ልጄ ብለው ጠርተውኝ፣ ዞር ለማለት እየሞከሩ።

«ይቆዩ እናቴ፣ ሲያልቅ ያዩታል።»

አለቀ። ሙሽራዋ ተነሣች፣ ስልኳን አስቀመጠች፣ አንገቷን ቀና አደረገች። ማጅራቷ ላይ ሹሩባው ሁሉ እንደ ተሰበሰበ መጋረጃ ተኮማተረ። ሚዜዋ ዘውዱን ስታደርግላት በቀኝ በኩል ያዘ፣ በግራ በኩል ግን የሚይዘው አጣና ወደ ጆሮዋ ተንሸራተተ። አስተካከሉት። ደግሞ ተንሸራተተ። አንዷ ሚዜ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ላይቩ እንደበራ ነው።

እናትየው ግማሽ ጸጉራቸው እጄ ላይ እያለ ተነሡ። «ምንድነው ይሄ? ልጄን በሰርጓ ቀን እንዲህ አድርጋችሁ ነው የምታወጧት? ግራውን ማነው የሠራው?»

ጓደኛዬ ደንግጣ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «ግራው የእሷ ነው! ሁልጊዜ ግራውን የምትሠራው እሷ ናት!»

እናትየው እኔን አዩ፣ እጄ ውስጥ ያለውን የራሳቸውን ጸጉር አዩ። ከጠዋት ጀምሮ ከእሳቸው አጠገብ እንዳልተነሣሁ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ስልኩ ማቆሚያው ላይ ሆኖ ሁሉን ሰምቷል። እሷም እጁ የእኔ መሆኑን በገዛ አፏ እንዳወጣች የገባት ያኔ ነው። ወደ ስልኩ ሮጠች፤ ሚዜዋ ቀደመቻትና «ተይው፣ ይብራ!» አለቻት። ያቺን ሚዜ እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

«ማሎ ልጄ፣ አንቺ አስተካክይልኝ» አሉኝ እናትየው። ማሎ ማለት እባክሽ ነው፤ ለእኔ እባክሽ ያለኝ ሰው ብዙ አልነበረም።

«አስተካክላለሁ። ስልኩን ግን እሷ ትያዝ» አልኩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሬ «ቅረጪኝ። ፊቴንም አግቢ። እጄን ከፊቴ ጋር» አልኳት።

ቀረጸችኝ። እያለቀሰች ቀረጸችኝ። ሚዜዎቹ ግራውን ፈቱልኝ፣ የሙሽራዋን ስልክ ለእናቷ አስያዝኩ፣ ትከሻዋን ነካ አድርጌ አቃናኋት። ግራውን ሠራሁ፣ ከዚያ እሷ የሠራችውን ቀኝ ደግሞ ማጅራቱ ላይ ፈትቼ ቀጠልኩበት። ውጭ የሙሽራው መኪናዎች ጡሩምባ ይጮኻል። አልቸኮልኩም። ዘውዱ ተቀመጠ፣ ሙሽራዋ ወጣች፣ ከሐይቁ የመጣው ነፋስ አንድ ጸጉር አላነሣባትም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

በማግስቱ ጓደኛዬ ከመብራቷ ፊት ተቀምጣ ላይቭ ላይ አለቀሰች። «በጣም ደክሞኝ ነበር፣ የማምናት ጓደኛዬ ትታኝ» አለች። ቤተሰብ «አይዞሽ» አላት፣ «ቅናት ነው» አላት፣ ገጿ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ። እኔን የሚሳደቡ ሰዎች ስሜን ባያውቁም ጠባሳዬን ያውቁት ነበር። «ያቺ ባለ ጠባሳዋ» ይሉኛል። ጠባሳው ሲሰደብ የእኔ ሆነ ማለት ነው።

እትዬ ጠሩኝ። «ሥራሽን አይቻለሁ፣ ጎበዝ ነሽ። ግን ሰው ያወቀው እሷን ነው። ባቱን እሷ ትያዘው፣ አንቺ አብረሻት ሂጂ። በግራ በኩል» አሉኝ።

ማበጠሪያዎቼን በፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። ደህና ዋሉ እንኳ አላልኩም።

የሄድኩት የሙሽራዋ እናት ጋ ነው። ባቱ ላይ የሚያከራዩት ክፍል እንዳላቸው ያን ቀን ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሁለት ክፍል አሳዩኝ። አንዱ ገበያው አጠገብ ነው፣ ሰፊ፣ ውኃ ያለው። ሌላው ዋናው መንገድ ዳር፣ ጠባብ፣ ጋሪ ባለፈ ቁጥር አቧራ የሚገባበት። ፊት ለፊቱ የእትዬ አዲሱ ጸጉር ቤት ሮዝ ቀለም እየተቀባ ነበር።

«ይሄን» አልኩ።

«ኧረ አቧራ ነው፣ ምን ሆነሻል? ገበያው ጋ ያለው አይሻልሽም?»

«ማዶውን ማየት እፈልጋለሁ።»

ማዶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ገባቸው። «ክፉ ነሽ» አሉኝ እየሳቁ።

«ነኝ።»

አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ አንድ አግዳሚ፣ ውኃ ማፍያ። መስታወቱ አጠገብ የጨርቅ ከረጢት ሰቀልኩ፤ የገባች ሁሉ ስልኳን እዚያ ትጨምራለች። «ለምን?» ሲሉኝ ለጤናችሁ፣ ለዓይናችሁ፣ ለባህላችሁ አላልኩም። ስለ ጤናቸው አላስብም። ማጅራታቸው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ስለምፈልግ ነው። መጀመሪያ የመጡት የአበባ እርሻ ልጆች ነበሩ፣ በዕረፍት ቀናቸው። ሥራ ላይ ቆብ ስለሚያደርጉ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሹሩባ ነው የሚፈልጉት። ስልካቸውን ሲሰጡኝ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ይጠፋቸዋል። ቆይተው ግን ማውራት ይጀምራሉ። የቅርብ አለቃቸውን ሲያሙ የሰማሁት ስድብ፣ አዳማ ላይ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም።

ጓደኛዬ የማዶውን ቤት ከያዘች በኋላ ከማዶም ደንበኞች መምጣት ጀመሩ። ገጿን አይተው ከመቂ፣ ከሻሸመኔ ሳይቀር ይመጣሉ፣ እሷ ጋ ይሠራሉ፣ ቪዲዮ ይቀረጻሉ፣ ከዚያ እንዳስተካክልላቸው ሻሽ አስረው መንገዱን ይሻገራሉ። ክፉ ቃል አልናገርም። በሬ ላይ ቆሜ፣ ማዶ እንዲሰማ አድርጌ፣ «ውይ የኔ እናት! የት ነው የተሠራሽው?» እላለሁ። ይኼ ብቻ ነው። በቀን አንድ ጊዜም ቢሆን እለዋለሁ። የቀጠረቻቸው ልጆች አንድ በአንድ ሄዱ፤ ማንም ቀኙን ትቶላት ግራ ላይ ቆሞ ሊያስተካክልላት አልፈለገም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሹሩባ ሠሪ የራሷን ማጅራት መሥራት አትችልም። የፈለገ ጎበዝ ብትሆን የሌላ ሴት እጅ ያስፈልጋታል። አዳማ እያለን እኔ ነበርኩ የምሠራት። ባቱ ከመጣች ጀምሮ ዊግ ነበር የምታደርገው።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ መንገዱን ተሻገረች። ራሷን በሻሽ አስራለች። አግዳሚው ሞልቷል፣ ሁሉም የአበባ እርሻ ልጆች ናቸው። በሩ ላይ ቆመች።

«ማዶ ዝግ ነው እንዴ?» አለች አንዷ ልጅ። ሌሎቹ ተንጫጩ።

«ለነገ ላይቭ አለኝ» አለችኝ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ ዝግ ብላ። «ዊጉ ጸጉሬን ጨረሰው።»

«ተራ ያዢ» አልኳት። «ስልክሽን ከረጢቱ ውስጥ።»

ትሄዳለች ብዬ ነበር። ስልኳን ከረጢቱ ውስጥ ጨመረችና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መንገደኛው ሁሉ ያያታል። ባቱ ላይ የማያውቃት የለም፤ ባለ ገጿ፣ የሮዙ ቤት ኃላፊ፣ የእኔ አግዳሚ ላይ። ከእሷ በኋላ የመጡትን ሁለቱን ቀድሜ ሠራኋቸው፤ አንዷ ገና ጸጉሯን እንኳ አላጠበችም ነበር። አልተነሣችም። እጇ ግን ጭኗ ላይ ሆኖ አውራ ጣቷ ወደ ላይ ወደ ላይ ይል ነበር፣ በሌለ ስልክ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቀኙን ሠራሁ። ዞሬ ግራውን ሠራሁ። ጠበቅ አድርጌ ነው፤ ቅንድቧ ከፍ እስኪል።

«ጠብቋል» አለችኝ።

«ይጠብቃል።»

በመስታወት ውስጥ አየችኝና «እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኝብኝ?» አለችኝ።

«እስኪወጣልኝ።»

በማግስቱ ከበዓሉ ምሳ በኋላ አንዷ የአበባ እርሻ ልጅ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ላይቭ ላይ ናት። የእኔ ሹሩባ ራሷ ላይ ነው፣ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ያለ፣ ማጅራቷ ላይ የተገናኘ። ቤተሰብ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቃት፤ ማን ሠራሽ? ማን ሠራሽ? እኔ ሠራሁት አትል ነገር፣ የራሷን ማጅራት ማንም እንደማይሠራ ሕፃን ያውቃል። አንዴ አለፈችው። ሁለቴ አለፈችው። ጥያቄው ግን አላቆመም። በመጨረሻ ፈገግ ብላ «ጎረቤቴ ናት የሠራችኝ» አለች።

«ይኸው፣ አመነች!» አለችኝ ልጅቷ በደስታ።

«ጎረቤት?» አልኩ። «ስም የለኝም?»

ለጥምቀት መምጣቷ አይቀርም። አግዳሚውን ያን ቀን ለሰው አውሰዋለሁ፤ ቆማ ትጠብቅ።